«ሁልጊዜ ወደ ታች ውረዱ» ለሚለው የድራፍት ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ ኢትዮጵያውያን የአሜሪካ ፉትቦል ወዳጆች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለዋሽንግተኑ ቡድን ለኮማንደርስ አንድ ምክር ብቻ አለው፤ በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ከኮሌጅ በሰባት ዙር በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት፣ ሁልጊዜ ወደ ታች ውረዱ። ቀድሞ የመምረጥ ተራችሁን ለሌላ ቡድን ስጡና በምትኩ ዝቅ ያሉ ግን በቁጥር የበዙ ተራዎችን ሰብስቡ ማለት ነው። ጽሑፉ በቅጡ የተጻፈ ነው፤ የተራ ንግዱ እንዴት እንደሚካሄድም ለጀማሪ በሚገባ መንገድ አስረድቷል። ችግሩ ድምዳሜው ላይ ነው። ቡድንን የሚያከስረው መውጣቱ ወይም መውረዱ ሳይሆን የከፈለው ዋጋ ነው፤ ጸሐፊው ያቀረቧቸው ምሳሌዎችም እስከ መጨረሻው ሲታዩ የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

ክርክራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ድራፍት ሎተሪ ስለሆነ ብዙ ትኬት የያዘ ያሸንፋል፤ ለዚህም ዋሽንግተን በ2012 ለኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው የማጥቃት መሪ) ሮበርት ግሪፊን ብሎ የከፈለው ዋጋ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ ቀድሞ መምረጥ ኪሳራ መሆኑን ምሁራን በጥናት አረጋግጠዋል። ሦስተኛ፣ ቶም ብሬዲ በ199ኛ፣ ብሮክ ፐርዲ በ262ኛ ተራ ስለተገኙ ለኳርተርባክ ሲባል ወደ ላይ መውጣት ሞኝነት ነው። አራተኛ፣ የቡድኑ ጉድለት ምንም ይሁን ምን ከቀሩት ሁሉ ምርጡ ይወሰድ፤ ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) ግን በመጀመሪያው ዙር ፈጽሞ አይወሰድ። አምስተኛ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚደረገው ኮምባይን (ለድራፍት የሚቀርቡ ተጫዋቾች የሚፈተኑበት መርሐ ግብር) ትርኢት ነው። ማጠቃለያቸውም ዋሽንግተን በየዓመቱ የመጀመሪያ ዙር ተራውን ሸጦ በሁለተኛው ዙር ሁለት ሰው ይውሰድ የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሎተሪውና ትኬቶቹ

የ2012ቱ ስምምነት መጥፎ እንደነበር እስማማለሁ። ለምን መጥፎ ሆነ በሚለው ላይ ነው የምንለያየው። ዋሽንግተን 6ኛ ተራ ላይ ነበር። 2ኛውን ለማግኘት ለሴንት ልዊስ ራምስ ያንኑ 6ኛ ተራ፣ ከሁለተኛው ዙር 39ኛውን፣ በተጨማሪም የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ሰጠ። ዳላስ ካውቦይስ በጂሚ ጆንሰን ዘመን ያወጣውና ሌሎች ቡድኖችም ለረጅም ጊዜ የተገበያዩበት የነጥብ ሰንጠረዥ አለ። በእሱ 2ኛ ተራ 2600፣ 6ኛ 1600፣ 39ኛ 510 ነጥብ ያወጣሉ። 1600 እና 510 ሲደመሩ 2110 ናቸው፤ ስለዚህ ለመሙላት የቀረው 490 ነጥብ ነበር።

በገበያው ልማድ የአንድ ዓመት መጠበቅ አንድ ዙር ያስቀንሳል። የከርሞ የመጀመሪያ ዙር ተራ እንደ ዘንድሮ ሁለተኛ ዙር፣ የሁለት ዓመቱ ደግሞ እንደ ሦስተኛ ዙር ይታያል። የየዙሩን መካከለኛ ብንወስድ ወደ 420 እና ወደ 190 ነጥብ፣ በድምሩ 610 ይሆናል። በዚህ ስሌት ዋሽንግተን በትርፍ የከፈለው 120 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው፤ ያን ያህል የሚያስጮህ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ግን የ2013ቱ 22ኛ ተራ (780 ነጥብ) ሆነ። ቡድኑ በ2013 ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ13ቱ ስለተሸነፈ የ2014ቱ ራሱ 2ኛ ተራ (2600 ነጥብ) ሆኖ አረፈው። ሁሉም ሲደመር 2600 ለሚያወጣ ተራ 5490 ነጥብ ተከፍሏል። ያከሰረው የገዛ ከርሞውን በርካሽ መሸጡ ነው። ከርሞውን ያስያዘ ቡድን «ከርሞ ጥሩ እሆናለሁ» ብሎ መወራረዱ ነውና ውርርዱ ሲከሽፍ ዕዳው በዚያው ልክ ያብጣል።

አሁን ደግሞ ትኬቶቹን የሰበሰበውን ወገን እንይ፤ ጸሐፊው ወደዚያ አልሄዱም። ራምስ በእነዚያ ተራዎች ላይ መልሶ እየነገደ ስምንት ተጫዋቾች አገኘ። ማይክል ብሮከርስ፣ ጃኖሪስ ጄንኪንስና አሌክ ኦግልትሪ ጥሩ ተጫዋቾች ሆኑ። ከዋሽንግተን የመጣው ትልቁ ተራ፣ ማለትም የ2014ቱ 2ኛ፣ የዋለው ለግሬግ ሮቢንሰን ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በስድስተኛ ዙር ተራ ለዲትሮይት ተሸጠ። በዚያው ዓመት ራምስ በራሱ 13ኛ ተራ የመረጠው ደግሞ አሮን ዶናልድን ነው። በታኅሣሥ 2014 ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ራምስ ከዚያ ንግድ ያገኛቸውን ልጆች አምበል አድርጎ ለሳንቲም ዕጣው መሐል ሜዳ ላከና 24 ለ0 አሸነፈ። ጥሩ ቀልድ ነበር። ሆኖም ከ2012 እስከ 2016 ባሉት አምስት የውድድር ዓመታት ያሸነፋቸው ጨዋታዎች ከተሸነፈባቸው የበለጡበት አንድም ዓመት የለም።

ከዚያ አዙሪት የወጣው እንዴት ነው? ወደ ላይ በመውጣት። በ2016 ለቴነሲ 15ኛ፣ 43ኛ፣ 45ኛና 76ኛ ተራዎችን፣ የ2017ን አንደኛና ሦስተኛ ዙርንም ጨምሮ ሰጥቶ 1ኛውን ወሰደና ጃሬድ ጎፍን መረጠ። በ2018 የውድድር ዓመት የዋንጫው ፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ከ2017 እስከ 2023 በመጀመሪያው ዙር አንድም ሰው ሳይመርጥ፣ ለማቲው ስታፈርድ ደግሞ ጎፍን፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ከፍሎ በየካቲት 2022 ዋንጫውን አነሳ። ለጸሐፊው የሚሆን ነጥብ እዚህ ውስጥ አለ፤ ይኸው ቡድን ታችኞቹን ዙሮች በጥንቃቄ ይዟል። ኩፐር ከፕን በ69ኛ፣ ፑካ ናኩዋን በ177ኛ ተራ አግኝቷል። ይህ ግን «ሁልጊዜ ውረድ» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም።

ዋሽንግተን ራሱ ከ2012 የሚሻል ትምህርት በታሪኩ አለው። በ1999 የኒው ኦርሊንስ አሠልጣኝ ማይክ ዲትካ ራኒንግ ባኩን ሪኪ ዊልያምስን ለማግኘት የቡድናቸውን የዚያ ዓመት ተራዎች በሙሉ፣ የ2000ን አንደኛና ሦስተኛ ዙር ጨምረው ለዋሽንግተን ሰጡ። ዋሽንግተን ከ5ኛ ወደ 12ኛ ወረደ። እስከዚህ ድረስ የጽሑፉ ምክር ነው። ቀጥሎ ግን ከሰበሰባቸው ተራዎች ከፊሉን ለቺካጎ ከፍሎ በዚያው ቀን ከ12ኛ ወደ 7ኛ ወጣና ቻምፕ ቤይሊን መረጠ። ቤይሊ በ2019 ወደ ዝና አዳራሹ ገብቷል። ከ7ኛ ወደ 12ኛ የወረደው ቺካጎ ምክሩን በትክክል ፈጽሟል፤ ተጨማሪ ተራዎቹን ይዞ በ12ኛው ኬድ ማክናውን የሚባል ኳርተርባክ መረጠ፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ዋሽንግተን የወረደው ሌላው አብዝቶ ሲከፍለው፣ የወጣው ደግሞ የሚፈልገው ሰው በሚችለው ዋጋ ሲገኝ ነው።

ቅርብ ጊዜ ያለው ምሳሌ ይበልጥ ያማል። በ2024 ዋሽንግተን 40ኛና 78ኛ ተራን ከአንድ የአምስተኛ ዙር ተራ ጋር ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 50ኛንና 53ኛን ከሌላ የአምስተኛ ዙር ተራ ጋር ወሰደ። የአምስተኛ ዙሮቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ እንተዋቸው። በሰንጠረዡ የሰጠው 500 እና 200፣ የተቀበለው 400 እና 370 ነው። በ70 ነጥብ አትርፏል። ፊላደልፊያ በ40ኛው ኩፐር ዲጂንን መረጠ። በጥር 2025 ኤንኤፍሲ ፍጻሜ (ለሱፐር ቦውል የሚያበቃው ጨዋታ) ላይ ዋሽንግተንን 55 ለ23 ሸኘ፤ ሱፐር ቦውል ላይ ደግሞ ዲጂን የፓትሪክ ማሆምስን ኳስ ነጥቆ ነጥብ አስቆጠረበት። ዋሽንግተን በ50ኛው ያገኘው ማይክ ሴንሪስቲል በመጀመሪያ ዓመቱ ቋሚ ስለሆነ ንግዱን ጥፋት አልለውም። በሰንጠረዥ ማትረፍና በሜዳ ማትረፍ ግን ይለያያሉ፤ የምትሸጥለት ሰው በዓመት ሁለቴ የምትገጥመው የምድብህ ተቀናቃኝ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

የትኬት ብዛት ገደብ እንዳለውም አይዘነጋ። የመጨረሻው ስብስብ 53 ሰው ነው። ሚኒሶታ በ2020 አስራ አምስት ተጫዋቾች መረጠ። ከእነሱ መካከል ኮከብ የሆነው በ22ኛ ተራ የተወሰደው ጀስቲን ጀፈርሰን ነው። ከስድስተኛና ከሰባተኛ ዙር የሚመጡት ብዙዎቹ በነሐሴ መጨረሻ ስብስቡ ሲቀነስ ይሸኛሉ፤ አንዳንዶቹንም ያለምንም ተራ፣ ድራፍቱ እንዳለቀ ስልክ ደውሎ ማስፈረም ይቻል ነበር።

ጥናቱ ምን አለ?

ጸሐፊው የጠቀሱት የኬድ ማሴይንና የሪቻርድ ቴለርን ጥናት ነው። ቴለር በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ናቸው። ጥናቱ ከባድ ሥራ ነው፤ ጽሑፉ ግን ያላለውን አስብሎታል። ቀድመው የተመረጡ ተጫዋቾች ኋላ ከተመረጡት ያንሳሉ አላለም። በአማካይ ይበልጣሉ፤ ብልጫቸው ግን ከሚከፈላቸው ደመወዝና ከሚጠይቁት ተራ ጋር ሲነጻጸር ትርፉ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻና በሁለተኛው ዙር ላይ ካሉት ያንሳል ነው ያለው። በአንድ ቦታ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች ከቀጣዩ የመብለጥ ዕድሉ 52 በመቶ ገደማ መሆኑንም አሳይቷል። ይህ ቁጥር በራሱ የሚተማመን ጄኔራል ማናጀርን ሁሉ ሊያስደነግጥ ይገባል።

ነገር ግን ጥናቱ መጀመሪያ የወጣው በ2005 ነው፤ የለካውም የድሮውን ደመወዝ ነው። በ2010 1ኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነበር። በ2011 አዲሱ የሠራተኛ ስምምነት የጀማሪዎችን ደመወዝ ሲገድብ በዚያው ዓመት 1ኛ የሆነው ካም ኒውተን በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። በአንድ ዓመት ልዩነት የላይኛው ተራ የዶላር ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ። የደመወዙ ክርክር በዚህ ተዳክሟል። የተራው ዋጋ፣ ማለትም ለመውጣት የሚጠየቀው የተራ ብዛት፣ ዛሬም ውድ ነው፤ እዚያ ላይ ጥናቱም ጸሐፊውም ትክክል ናቸው። በተለይ ቡድኖች ከርሞን እጅግ አርክሰው እንደሚሸጡ (ማሴይና ቴለር የዓመት ወለዱን 136 በመቶ አድርገውታል) ከላይ በ2012ቱ ስሌት አይተነዋል። የከርሞን የመጀመሪያ ዙር ተራ የሚያቀርብልህ ቡድን ካለ ስልኩን አትዝጋበት።

199ኛውና 262ኛው

ብሬዲና ፐርዲ እውነተኛ ታሪኮች ናቸው፤ ዕቅድ ግን አልነበሩም። ኒው ኢንግላንድ ብሬዲ የሚሆነውን ቢያውቅ ኖሮ እስከ 199ኛ ተራ ባልጠበቀ፤ ከእሱ በፊት ስድስት ሌሎች ተጫዋቾችን መርጧል። በዚያን ጊዜ ቡድኑ በ1993 1ኛ የተመረጠው ድሩ ብሌድሶ ነበረው። ሳን ፍራንሲስኮም ፐርዲን የወሰደው ለኳርተርባኩ ለትሬይ ላንስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ከፍሎ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጀምር ነው። ፐርዲ በድንገት የተገኘ ሦስተኛ ተጠባባቂ ነበር። በስድስተኛና በሰባተኛ ዙር ተመርጠው ስማቸውን ማንም የማያስታውሳቸውን ኳርተርባኮች ቆጥሮ ሁለቱን ከዚያ አንጻር ማየት ይገባል።

ለጸሐፊው ከእነዚህ የተሻለ ማስረጃ እንደነበር ልጠቁም። ዋሽንግተን በዚያው በ2012 ግሪፊንን በ2ኛ ከመረጠ በኋላ በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ ክርክ ካዝንስን ወስዷል። ቡድኑን በቋሚነት ረዘም ላለ ጊዜ የመራው ካዝንስ ነው። ሲያትል ደግሞ ራስል ዊልሰንን በ75ኛ አገኘ። ይህን አለማንሳታቸው ይገርማል።

ሆኖም ሒሳቡን ከሌላው ጫፍም መሥራት ያስፈልጋል። በ2024 2ኛ የተመረጠው ጄይደን ዳንየልስ የአራት ዓመት ውሉ ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በታች። በዚያው ዓመት መስከረም ዳክ ፕሬስኮት ከዳላስ ጋር የፈረመው በዓመት 60 ሚሊዮን ነው። የቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ 255.4 ሚሊዮን ነበር። በኳርተርባኩ የተረፈው 50 ሚሊዮን ለመከላከያ መስመር፣ ለታክል (ኳርተርባኩን የሚጠብቅ የመስመር ተጫዋች) እና ለኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዮችን የሚይዝ ተከላካይ) ይከፋፈላል። ዋሽንግተን በዳንየልስ የመጀመሪያ ዓመት 12 አሸንፎ በ5 ተሸንፎ ኤንኤፍሲ ፍጻሜ ደረሰ። ምክሩን ቢከተል ኖሮ ያን ተራ መሸጥ ነበረበት።

ሌላው የሎተሪው ምሳሌ የማይነካው ነገር፣ ሜዳ ላይ ያለው ኳርተርባክ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት መካከለኛ ኮርነርባኮች ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ ሁለት መካከለኛ ኳርተርባኮች ግን ተደምረው አንድ ጥሩ አይሆኑም። ስለዚህ በዚህ ቦታ ላይ ብዛት ጥራትን አይተካም። ካንሳስ ሲቲ በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ ለመውጣት ለቡፋሎ 27ኛውን፣ 91ኛውንና የ2018ን የመጀመሪያ ዙር ሰጥቶ ማሆምስን ወሰደ፤ ያ ዋጋ ልከኛ ነበር። ካሮላይና በ2023 ለብራይስ ያንግ ሲል ለቺካጎ 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ የ2024ን አንደኛ ዙር፣ የ2025ን ሁለተኛ ዙርና ዲጄ ሙርን ሰጠ። በዓመቱ 2 ብቻ አሸንፎ በ15 ስለተሸነፈ የሰጠው የ2024 ተራ 1ኛ ሆነ። ሁለቱም ወደ ላይ ወጡ። ካሮላይና ግን ለኳርተርባኩ ኳስ የሚቀበልለትን ዋና ሰው ጭምር ከፈለ።

«ምርጡን ውሰድ»

እዚህ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ሁልጊዜ ምርጡ ይወሰድ ካልን፣ ከቀሩት ምርጡ ራኒንግ ባክ የሆነ ቀንስ? «እሱማ አይወሰድም» ካልን ለቦታው ዋጋ ሰጥተናል ማለት ነው፤ ለቦታ ዋጋ ከሰጠን ደግሞ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ቀረ። ስለ ራኒንግ ባክ በአብዛኛው ትክክል ናቸው። በ2012 ክሊቭላንድ ትሬንት ሪቻርድሰንን በ3ኛ ሲወስድ ዋሽንግተን አልፍሬድ ሞሪስን በ173ኛ አገኘ፤ ሞሪስ በዚያ ዓመት 1613 ያርድ ሮጠ።

የቡድን ሰሌዳ፣ ማለትም የምርጫ ዝርዝሩ፣ የሚሠራው ተጫዋቾችን ከ1 እስከ መጨረሻ በመደርደር አይደለም። ተቀራራቢ ደረጃ ያላቸው በአንድ እርከን ይቀመጣሉ፤ በእርከኖች መካከል ስትመርጥ ደረጃ ይቀድማል፣ በአንድ እርከን ውስጥ ግን ጉድለት ይወስናል። ግሪን ቤይ በ2005 ብሬት ፋቭ እያለ አሮን ሮጀርስን በ24ኛ የወሰደው የእርከን ልዩነቱ ሰፊ ስለነበር ነው፤ ለጸሐፊው ጥሩ ምስክር ነው። አትላንታ ግን በመጋቢት 2024 ካዝንስን በአራት ዓመት 180 ሚሊዮን አስፈርሞ በሚያዝያ ማይክል ፔኒክስን በ8ኛ መረጠ። በዚያ ድራፍት የመጀመሪያዎቹ 14 ተመራጮች በሙሉ የማጥቃት ተጫዋቾች ስለነበሩ አትላንታ ሲመርጥ የዓመቱ ተከላካዮች በሙሉ ገና አልተነኩም ነበር። የአትላንታ ጉድለት ደግሞ ኳርተርባክን የሚያስጨንቅ ተከላካይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያን ለመሙላት ጄለን ዎከርን በ15ኛ ከወሰደ በኋላ፣ ጄምስ ፒርስን በ26ኛ ለማግኘት የ2026 የመጀመሪያ ዙሩን ጭምር ለራምስ ሰጠ። ችላ የተባለ ጉድለት ከነወለዱ ተከፈለ።

ኮምባይን

የ40 ያርድ ሩጫው ከሚገባው በላይ ይወራለታል። ጆን ሮስ በ2017 በ4.22 ሰከንድ ሮጦ በ9ኛ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት 4.62 የሮጠው ከፕ በ69ኛ። ውጤታቸውን ያየ ይፈርዳል። ኮምባይኑን ትርኢት የሚያሰኘው ቴሌቪዥን የሚያሳየው ክፍል ነው። የቡድኖቹ ሐኪሞች ከ300 በላይ ልጆችን አንድ ቦታ ላይ አግኝተው ጉልበትና ትከሻ የሚመረምሩት፣ የድሮ ቀዶ ጥገናዎችን በምስል የሚያዩት፣ አጠራጣሪውን ደግሞ በሚያዝያ መልሰው የሚጠሩት እዚያው ነው። የተጫዋች ስም ከሰሌዳ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚነሳው በሰዓት መያዣ ሳይሆን በሐኪም ፊርማ ነው።

በየዓመቱ የመጀመሪያ ዙርን መሸጥ

ይህ የመጨረሻ ምክር የዘለለው ነገር የውሉን ርዝመት ነው። ሁሉም ተመራጭ የአራት ዓመት ውል ይፈርማል፤ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠውን ግን ቡድኑ ለአምስተኛ ዓመት የማቆየት መብት አለው፤ ውሳኔው ከሦስተኛው ዓመት በኋላ በግንቦት መጀመሪያ ይታወቃል። በ32ኛና በ33ኛ ተራ መካከል በሰንጠረዡ ያለው ልዩነት 10 ነጥብ ብቻ ነው፤ ያ ዓመት ግን የሚቀረው እዚያ መሐል ነው። ባልቲሞር በ2018 ለፊላደልፊያ 52ኛውን፣ 125ኛውንና የ2019ን ሁለተኛ ዙር ሰጥቶ 32ኛውንና 132ኛውን ወሰደ። በ32ኛው፣ በዙሩ የመጨረሻ ተራ፣ ላማር ጃክሰንን መረጠ። በ2019 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ጃክሰን በ2022 የተጫወተው በዚያ የአምስተኛ ዓመት መብት፣ በ23 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሁለተኛው ዙር ቢመረጥ ኖሮ ውሉ ከአንድ ዓመት በፊት ያልቅና ባልቲሞር እሱን ለማቆየት ወይ ትልቁን ውል ያኔውኑ መፈረም፣ ወይ በዚያ ዓመት ለኳርተርባክ ወደ 30 ሚሊዮን የደረሰውን የፍራንቻይዝ ታግ (ውሉ ያለቀ ተጫዋችን ለአንድ ዓመት የሚያቆይ ክፍያ) መክፈል ነበረበት።